ለአቻር የቱ ይሻላል፦ በርኒ ወይስ ጠርሙስ?

በህንድ ጥሬ ማንጎ ዝናቡ ሳይገባ በጨው፣ በሰናፍጭና በዘይት ይቀመምና ዓመቱን ሙሉ የሚበላ አቻር ይሆናል። ታዲያ ምን ውስጥ ይቀመጥ?

በርኒ፦ ብዙ ጊዜ ከላይ ቡናማ፣ ከታች ነጣ ያለ የሴራሚክ ማሰሮ ነው። የኡታር ፕራዴሿ ኩርጃ ከተማ በሴራሚክ ሥራዋ ትታወቃለች። ወፍራም ግድግዳው ብርሃን አያሳልፍም፣ ሙቀትም ቶሎ አይገባውም። ጨውና ኮምጣጣ አይጎዱትም። ክዳኑ ልል ስለሆነ ግን አፉ በንጹሕ ጨርቅ ይታሰራል። ውስጡ ስለማይታይ ዘይቱ ማንጎውን መሸፈኑን ከፍቶ ማየት ግድ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አሮጌው ነው። ልባሱ የተሰነጠቀ ወይም የተላጠ ከሆነ አቻር አይግባበት። አንዳንድ የድሮ ልባስ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለበት፤ ኮምጣጣ ነገር ደግሞ እርሳሱን ወደ ምግቡ ያወጣዋል።

ጠርሙስ፦ ርካሽ ነው፣ በየሱቁም ይገኛል። ሻጋታ ገና ነጥብ ሳለች ትታያለች። ፀሐይ ላይ ለሚበስለው የጉጃራት ቹንዶ፣ ማለትም ተፈቅፍቆ በስኳር ለሚሠራው ማንጎ፣ ብርሃን ማሳለፉ ይጠቅማል። የቆርቆሮ ክዳኑ ግን ከጨው ጋር ሲገናኝ ይዝጋል፤ የፕላስቲክ ክዳን ይሻላል።

ለቤተሰብ በብዛት ተሠርቶ ለወራት የሚቀመጥ የዘይት አቻር ከሆነ፣ አዲስ በርኒ። በጥቂቱ ለሚሠራ፣ ቤት ለሚቀያይር ወይም ለጀማሪ፣ ጠርሙስ። ለአቻሩ የሚገቡት የተፈጨ እርድና በርበሬ ደግሞ እርጥበት ስለሚስቡ ክዳኑ የሚጠብቅ ጠርሙስ ይስማማቸዋል፤ ቀለማቸው እንዳይለቅ ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ።