የማይገኝ የሞዴል ሄሊኮፕተር ካኖፒ፦ በፋይበርግላስ ወይስ በቫኪዩም?

ምርቱ የተቋረጠ ካኖፒ (የሞዴል ሄሊኮፕተሩን ፊት የሚሸፍነው ቅርፊት) በእጅዎ አንድ ብቻ ከቀረ፣ ሳይሰነጠቅ ቅጂ ማውጣቱ ይሻላል። ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሁለት መንገዶች አሉ፤ የፋይበርግላስ (በሬዚን ርሶ የሚደርቅ የብርጭቆ ጭረት) ሞልድ፣ ማለትም ቅጂው የሚወጣበት ባዶ ቅርጽ፣ እና የሞቀ ፕላስቲክን በቫኪዩም መሳብ።

ካኖፒው ቀለም የሚቀባ ከሆነ ያለማመንታት ፋይበርግላስን እመርጣለሁ። ኦሪጅናሉ ደጋግሞ በሰም ይወለወላል፤ ከዚያ ሞልዱ በሁለት ግማሽ ይወጣል። ለሁለት የሚከፈለው ካኖፒው ሆዱ ሰፍቶ አፉ ላይ ስለሚጠብ ነው፤ ወጥ በሆነ ሞልድ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። ኦሪጅናሉ ፕላስቲክ ከሆነ ፖሊስተር ሬዚን አያስጠጉት። በውስጡ ያለው ስታይሪን ብዙ ዓይነት ፕላስቲክ ያሟሟል፤ ያለዎት ደግሞ እሱ ብቻ ነው! ኢፖክሲ የተባለውን ሬዚን ይጠቀሙ። ሰሙ ላይ ያረፈ የጣት አሻራ እንኳ ሞልዱ ላይ ታትሞ ወደ ቅጂው ይተላለፋል፤ ስለዚህ ትዕግሥትዎን ሁሉ እዚህ ላይ ያውሉት። የደረቀውን ሲፍቁ ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እያስነኩ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ይሁን፤ ብናኙ ሳንባን ይጎዳል።

ውስጡ የሚታይ ካኖፒ ከሆነ ግን ፋይበርግላስ አይሆንም። ያኔ ከጀሶ ወይም ከእንጨት ድፍን ቅርጽ ይሠራና ፔትጂ (PETG) የተባለ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ሞቆ ይለበጥበታል፤ አየሩም ከሥር ይሳባል። ቅርጹ አንዴ ከተሠራ ቀጣዩ ቅጂ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ነገር ግን ጥልቅ በሆነው የካኖፒው አፍንጫ ላይ ፕላስቲኩ ይሳሳል። ቅርጹም በፕላስቲኩ ውፍረት ልክ ካላነሰ ቅጂው ከኦሪጅናሉ ይሰፋል፤ ከአካሉ ጋርም አይገጥምም።