የጥርስ ታካሚን ፍላጎት ለመለካት፦ ዋጋ መጠየቅ ወይስ ምርጫ ማቅረብ?

መንጋጋ ጥርሱ እስከ ነርቩ የተበላ ሰው ያስነቅል ወይስ ሩት ካናል (የታመመውን ነርቭ አውጥቶ ሥሩን በመሙላት ጥርሱን የሚያተርፍ ሕክምና) ያሠራ? የታካሚዎችን ፍላጎት ማወቅ የሚሻ ክሊኒክ በሁለት መንገድ መጠየቅ ይችላል።

«ስንት ብር ትከፍላለህ?»
ወጪው ትንሽ ነው፤ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። መልሱ በብር ስለሚመጣ ከሕክምናው ወጪ ጋር ወዲያው ይነጻጸራል። ችግሩ ኪሱ የሳሳ ሰው ጥርሱን ማዳን እየፈለገም ትንሽ ብር ይጠራል። ታዲያ የተለካው ፍላጎቱ ነው ወይስ ድህነቱ? በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

«ከሁለቱ የቱ ይሻልሃል?»
ሁለት ካርድ ይቀርባል። አንዱ፦ አንድ ቀጠሮ፣ ርካሽ፣ ጥርሱ ይነቀላል። ሌላው፦ ሦስት ቀጠሮ፣ ውድ፣ ጥርሱ ይተርፋል። ከዚያ ዋጋውና የቀጠሮው ብዛት እየተቀያየረ ጥያቄው ይደገማል። ሰው የቱን ለየቱ ብሎ እንደሚተው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ዝግጅቱ አድካሚ ነው፤ ስሌቱም ባለሙያ ይፈልጋል። ካርዱ ከበዛ ደግሞ ታካሚው ይሰለችና ዝም ብሎ ይጠቁማል።

ጊዜና ገንዘብ ካጠረ፣ ጥያቄውም ስለ አንድ አገልግሎት ዋጋ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ይበቃል። የታካሚዎቹ አቅም በጣም ከተራራቀ ወይም አገልግሎቱ እንደ አዲስ የሚደራጅ ከሆነ ካርዱ ይሻላል፤ ማንበብ ለማይችሉ በሥዕል ይሠራላቸው። በየትኛውም መንገድ ግን ጥርሱ እየጠዘጠዘው ያለን ሰው አትጠይቁ። መጀመሪያ ሕመሙ ይታገስለት።