የሚፈታታ የሹራብ መርፌ፦ ጊዜ ላጣ ሰው ያዋጣል ወይ?

ያዋጣል። መልሱን ከላይ ያስቀመጥኩት እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ የሌለው ስለሚኖር ነው። ግን የሚያዋጣው ሻጮቹ በሚሉት ምክንያት አይደለም። እነሱ «ሁሉም ቁጥር በአንድ ቦርሳ» ይላሉ። እውነት ነው፣ ቦርሳው ያምራል፣ ጫፎቹ በየኪሳቸው ተደርድረው ሲታዩ ልብ ይሰርቃሉ። ግማሾቹን ግን መቼም አትነኳቸውም።

እኔ ጥቅሙን ያገኘሁት ሌላ ቦታ ነው። ሥራ፣ ልጅ፣ የቤት ጣጣና ስልክ እየተፈራረቁ በሚያቋርጡት ኑሮ ውስጥ ሹራብ የሚሠራ ሰው ዋናው ችግሩ የደቂቃ እጥረት አይመስለኝም። ደቂቃማ ከየትም ይለቀማል፤ ወረፋ ላይ አለ፣ ታክሲ ውስጥ አለ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አለ። ችግሩ ማቋረጡና መልሶ መጀመሩ ነው። ስንተኛው መስመር ላይ ነበርኩ? መርፌው የት ሄደ? አሃ፣ ሌላኛው ሥራ ላይ ተሰክቷል። ክሩስ? ይህን ሁሉ ስትፈልጉ ያቺ የተገኘችው ሃያ ደቂቃ አልቃ ታርፋለች። ይህ መርፌ የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ፦ ከእንጨት ወይም ከብረት የተሠሩ ሁለት አጫጭር ጫፎች አሉ፣ መሃላቸው ላይ ቀጭን ተጣጣፊ ገመድ አለ። ጫፎቹ ከገመዱ እየተፈቱ በሌላ ውፍረት ይተካሉ። የተለመደው ስብስብ ከ3.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ ጫፎች፣ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ገመዶች፣ አንዲት ቀጭን የማጥበቂያ ሽቦና የገመዱን ጫፍ የሚዘጉ ትንንሽ መድፈኛዎች ይዞ ይመጣል። ክብ ለመሥራትም ሆነ ወዲያና ወዲህ እየተመለሱ ለመሥራት ያገለግላል። ሁለቱን ረጃጅም ዘንጎች ከነአካቴው ትረሷቸዋላችሁ፤ በተለይ ጎናችሁ ሰው ተቀምጦ የምትሠሩ ከሆነ ክርናችሁ የማንንም ጎድን አይወጋም።

መድፈኛዎቹን አትናቋቸው። ሣጥኑን ስትከፍቱ ለመሙያ የተጨመሩ ይመስላሉ፣ ለእኔ ግን የሙሉው ስብስብ ግማሽ ዋጋ እነሱ ናቸው። ሹራብ ጀምራችሁ እጅጌው ላይ ስትደርሱ ደከማችሁ እንበል፣ ወይም ድንገት ለሚወለድ ሕፃን ኮፍያ ማድረስ አለባችሁ። ጫፎቹን ትፈታላችሁ፣ ገመዱን በሁለቱም በኩል ትደፍናላችሁ፣ ሥራው ከነዐይኖቹ (ከነክር ቀለበቶቹ ማለቴ ነው) ገመዱ ላይ ተሰክቶ ይቀመጣል። አንድም ዐይን አያመልጥም። ጫፎቹ ወደ ኮፍያው ይሄዳሉ። ሹራቡ ሦስት ወር ቢተኛ ቅር አይለውም። ብቻ የነበረበትን የጫፍ ውፍረት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ፤ ከሦስት ወር በኋላ ማንም አያስታውሰውም፣ በ4.5 የተጀመረ በ5 ሲቀጥል ደግሞ መሃሉ ላይ መስመር ይወጣበታል።

ሌላ የወደድኩት ነገር ገመዱ ከጫፉ ጋር በሚገናኝበት ላይ ያለችው፣ የማጥበቂያ ሽቦዋ የምትገባበት ትንሽ ቀዳዳ ናት። ቀዳዳዋ ውስጥ ቀጭን ለስላሳ ክር አስገብታችሁ አንድ መስመር ብትሠሩ፣ ክሩ ከመርፌው ጋር አብሮ በሁሉም ዐይኖች ውስጥ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቢበላሽ፣ ሕፃን መጥቶ ቢጎትተው፣ እስከዚያች መስመር ብቻ ተተርትሮ ይቆማል። የሚያቋርጡት ሰው ከዚህ የተሻለ ዋስትና የለውም። በየምሽቱ ሳይሆን ከባዱን ክፍል በጨረሳችሁ ቁጥር ብታደርጉት ይበቃል።

አንድ ዘዴ ልጨምር። ወዲያና ወዲህ እየተመለሱ ሲሠሩ፣ በጀርባ በኩል ያለው መስመር ከፊት ለፊቱ ላላ የሚልባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። የሚፈታታ መርፌ ካላችሁ የጀርባውን መስመር የምትሠሩበትን ጫፍ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቀጠን ያለ አድርጉት። በቃ፣ ይስተካከላል። በአንድ የማይፈታ ባለ ገመድ መርፌ ይህን ማድረግ አይቻልም።

አሁን ወደ ክፉው። ቀደም ሲል የነበረኝ ርካሽ ስብስብ (አምራቹን ልተወው) ጫፉና ገመዱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ፀጉር የምታክል ክፍተት ነበረችው። ቀጭን ክር በዚያች ክፍተት እየተያዘ በየሁለት ደቂቃው ማላቀቅ ነው። ይባስ ብሎ መገናኛው መስመር መሃል ላይ ቀስ እያለ ይፈታል፤ ስትጎትቱት ጫፉ እጃችሁ ላይ ይቀርና ሃያ ዐይን አየር ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ነገር ቀለሙና ቦርሳው ሳይሆን መገናኛው ይሁን። ጥፍራችሁን ከገመዱ ወደ ጫፉ አሂዱት። ጥፍር ከተያዘ ክርም ይያዛል።

አያያዛቸው ይለያያል። አብዛኞቹ እንደ ብሎን የሚዞሩ ናቸው፣ ኒትፕሮና ቺያጉ የሚባሉት አምራቾች ለምሳሌ፤ በሽቦዋ ጠበቅ ማድረግ ግድ ነው፣ በእጅ ብቻ ከጠበቁ ይላላሉ። አዲ ክሊክ የሚባለው ስብስብ ደግሞ ጫፉን ገፍቶ በማዞር ይቆለፋል፣ ሽቦ አይፈልግም። በጥድፊያ ለሚቀያይር ሰው ይህ ይመቻል። ገመዱም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ተራው የፕላስቲክ ገመድ ቦርሳ ውስጥ ሲቆይ ክብ ቅርጽ ይይዝና እንደ ሞላ እየተጠቀለለ ያስቸግራል፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ መወጠር ትንሽ ያለሰልሰዋል። የቺያጉ ቀይ ገመድ ውስጡ ብረት ስላለው እንዲህ አይጠማዘዝም። ግን ይህን ከመግዛታችሁ በፊት እወቁ፦ የቺያጉ ቀጫጭን ጫፎችና ወፋፍራም ጫፎች ገመዳቸው የተለያየ ነው። 5 ሚሊ ሜትር የነበረበት ገመድ ላይ 5.5 ልሰካ ብትሉ ያለ ማገናኛ አይገጥምም።

ስለ ቁጥርም አንድ ነገር። መርፌ በሚሊ ሜትር ግዙ፣ በቁጥር አትግዙ። አሜሪካኖቹ 8 የሚሉት 5 ሚሊ ሜትር ነው፣ የድሮው የእንግሊዝ 8 ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር። ሁለቱም 8 ናቸው፣ የሚወጣው ልብስ ግን አንዱ ለእናት አንዱ ለልጅ ይሆናል።

እንጨት ወይስ ብረት? ብረት ይፈጥናል፣ ክሩ ይንሸራተትለታል። እንጨት ያዝ ያደርጋል። በየአምስት ደቂቃው እያስቀመጠ ለሚነሳ ሰው እኔ እንጨት እላለሁ፤ ቦርሳ ውስጥ ወርውራችሁት ስትመለሱ ዐይኖቹ እንደነበሩ ታገኟቸዋላችሁ። ፈጣን ነኝ ብሎ ብረት ገዝቶ ግማሹን ጊዜ ያመለጠ ዐይን ሲለቅም የሚውል ሰው አለ። ብርቱ ለሆኑት ግን ብረቱ ደስታ ነው፣ አልከራከርም።

ጊዜውን በቁጥር እንየው። መካከለኛ ውፍረት ባለው ክር፣ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ 18 ዐይን የሚወጣ ቢሆን፣ የአዋቂ ኮፍያ ከ4,000 እስከ 5,000 ዐይን ይፈጃል። በደቂቃ 20 ዐይን የሚሠራ ሰው በሃያ ደቂቃ 400 ይሠራል፤ ኮፍያው ከአሥር እስከ አሥራ ሦስት ቁጭታ ውስጥ ያልቃል ማለት ነው። ጀማሪ ሁሉ «በእሱ ጀምር» የሚባለው ስካርፍስ? ወርዱ 30፣ ርዝመቱ 180 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከ23,000 ዐይን በላይ ነው። ሃምሳ ስምንት ቁጭታ! ቀላል ነው ተብሎ ተጀምሮ ቁም ሣጥን ሥር የሚቀረው ለዚህ ነው። አሠራሩ ይቀላል እንጂ ሥራው አያልቅም። ጊዜ የሌለው ሰው ሥራ ሲመርጥ ክብደቱን ሳይሆን የዐይኑን ብዛት ቢያይ ይሻለዋል።

ኮፍያ ካልኩ አይቀር፣ ስብስቡ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው። ለኮፍያ የሚመቸው ጠቅላላ ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ መርፌ ነው። ብዙዎቹ ስብስቦች የያዙት ጫፍ ግን 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለቱ ብቻ 26 ሴንቲ ሜትር ወሰዱ፣ በቀረችው ገመድ ክብ መሥራት እጅን ማሰቃየት ነው። አጭር ጫፍ ለብቻው መግዛት አለባችሁ፣ ወይም ረጅም ገመድ ይዞ ትርፉን በዐይኖቹ መሃል በጎን በኩል እያወጡ መሥራት። ይህኛው አንዴ ከለመዱት ይመቻል፣ 80 ወይም 100 ሴንቲ ሜትር ገመድ ይበቃዋል። ማስታወቂያው ላይ ግን ማንም አይነግራችሁም።

እና ክሩ። መርፌ ገዝቶ ክር ሳይገዛ የሚመለስ ሰው አይቼ አላውቅም።

ክር መግዛት ሹራብ ከመሥራት የተለየ ሌላ ሱስ ነው፣ ጊዜ የሌለውን ሰው ደግሞ የበለጠ ያጠቃል። ምክንያቱም ሲደክማችሁ መሥራት አትችሉም፣ መግዛት ግን ትችላላችሁ። ተኝታችሁ ስልክ ላይ ሁለት ደቂቃ፣ አለቀ። የገዛችሁት ክር ግን ወር ሙሉ ሥራ ነው። ክምሩ የሚያድገው እንዲህ ነው። «አትግዙ» ብዬ አልመክርም፣ ማን ሊሰማኝ። እኔ የሚሠራልኝ ክሩን በመርፌው መወሰን ነው። ክር መጠቅለያው ላይ ከ0 እስከ 7 የሚሄድ የውፍረት ቁጥር በብዛት ይኖራል። 4 መካከለኛው ነው፣ ከ4.5 እስከ 5.5 ሚሊ ሜትር መርፌ ይፈልጋል። 3 ትንሽ ቀጠን ይላል፣ ከ3.75 እስከ 4.5 ሚሊ ሜትር። እኔ ከእነዚህ ከሁለቱ አልወጣም። የተረፈው ጥቅል ከሌላው ጋር ይገጥማል፣ ጫፎቹም ሁልጊዜ አሉኝ፣ በየጊዜው የሙከራ ቁራጭ (ልክ ለማየት የሚሠራ ትንሽ ናሙና) መሥራትም ይቀንስልኛል።

ጥቅሉን በግራም አትመዝኑት፣ ሜትሩን አንብቡ። የውፍረት ቁጥሩ 4 የሆነ ክር 100 ግራሙ ወደ 200 ሜትር ነው፣ ለአንድ ኮፍያ ይበቃል። ለአዋቂ ሹራብ ወደ 1,000 ሜትርና ከዚያ በላይ አስቡ። ያው 100 ግራም በቀጭኑ የካልሲ ክር ሲሆን 400 ሜትር ገደማ ይወጣዋል። የማቅለሚያ ዙር ቁጥሩም (ክሩ በየትኛው ዙር እንደተቀለመ የሚናገረው) እዚያው መጠቅለያው ላይ ተጽፏል፤ ለሹራብ ስትገዙ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። አንድ የቀለም ስም ያላቸው ሁለት ጥቅሎች በዙር ከተለያዩ ደረት ላይ ይታወቃል። የግድ ካነሰባችሁ ሁለት መስመር ከአንዱ፣ ሁለት መስመር ከሌላው እያፈራረቃችሁ ሥሩት።

ሳይጠቀለል ተጠማዝዞ የሚሸጠው ያ ቆንጆ ክርስ? አያዋጣም፣ ለእኛ ዓይነቱ ሰው አያዋጣም። መጀመሪያ ወንበር ላይ ዘርግቶ ማጠንጠን አለ፣ ሲጠላለፍ መፍታት አለ፣ አንድ ምሽት ሳትሠሩ አለፈ ማለት ነው። ሱቁ ጠቅልሎ ከሰጣችሁ ሌላ ነገር። ጥቁርና ጠቆር ያለ ሰማያዊ ክርም ሌሊት በአምፖል ለሚሠራ ሰው የሹራቡ ዐይን አይታይም። ፀጉራም ክር ሲተረተር እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ስለዚህ መሳሳት ለሚያበዛ፣ ማለትም ሲያቋርጡት ለሚሠራ፣ እርም ይሁን። ማሽን የሚያጥበው ሱፍ ግን ጥሩ ነው፤ ውኃ ሲነካው ለጠጥ ስለሚል የሙከራ ቁራጯን አጥባችሁ ለኩ። አክሪሊክ ከሆነ ደግሞ ካውያ አታሳዩት፣ ይቀልጣል።

ክምር ላላቸው አንድ ነፃ መሣሪያ ልጠቁም። ራቨልሪ የሚባለው፣ ከ2007 ጀምሮ ያለ ድረ ገጽ፣ ያላችሁን ክርና መርፌ መመዝገቢያ አለው። ንድፍ ስትፈልጉም በክር ውፍረትና ባላችሁ ሜትር ያጣራላችኋል። ሱቅ ቆማችሁ «ይቺን ቀለም ገዝቻታለሁ እንዴ?» ስትሉ ስልካችሁን ታያላችሁ። መመዝገቡ ራሱ ጊዜ ይበላል፣ እሱ እውነት ነው። እኔ አሮጌውን ክምር ትቼ አዲስ የገባውን ብቻ ነው የምመዘግበው።

ለማን አይሆንም? ካልሲ ብቻ ለሚሠራ አይሆንም። ካልሲ የሚፈልገው ከ2.25 እስከ 2.75 ሚሊ ሜትር መርፌ ነው፣ አብዛኛው ስብስብ ደግሞ 3.5 ላይ ነው የሚጀምረው። ለእሱ አንድ የማይፈታ ባለ 80 ሴንቲ ሜትር ገመድ መርፌ ይበቃል። ስብስቡ ለምናችሁም አይደለም። ሹራብና ኮፍያ እያፈራረቀ የሚሠራ ግን ሙሉውን ከመግዛቱ በፊት 4፣ 4.5 እና 5 ሚሊ ሜትር ጫፎችን ከሁለት ገመድና ከመድፈኛ ጋር ለየብቻ ይግዛ። ብዙዎቹ አምራቾች በነጠላ ይሸጣሉ። ቦርሳው አይኖርም እንጂ የምትነኩት ጫፍ ያው እሱ ነው።