ቀባሪ ያጣ አስከሬን ወይስ በኑዛዜ የተሰጠ? ለሕክምና ትምህርት የቱ ይሻላል?

ጎንደር እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን ኖራለች። አናቶሚ፣ ማለትም የሰው አካል ክፍሎች ጥናት፣ ደግሞ በሥዕል ብቻ አይጠገብም። ታዲያ አስከሬኑ ከየት ይምጣ?

ወጪና አቅርቦት
ቀባሪ ያጣ፦ ቅስቀሳም ምዝገባም አይፈልግም።
በኑዛዜ የተሰጠ፦ መዝገብ፣ ምስክርና የዓመታት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ፈቃድ
ቀባሪ ያጣ፦ ተማሪ ሳለሁ፣ አስከሬኑ እንዳይበሰብስ የተደረገበት ፎርማሊን ዓይኔን እያስለቀሰኝ፣ መጀመሪያ ያየሁት ተረከዙን ነበር፤ በባዶ እግሩ ሲሄድ የኖረ ሰው ንቃቃት። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ። ምናልባት ለቀን ሥራ ከገጠር የወጣ፣ እናቱ ዛሬም ደጅ ደጁን የምታይለት ሰው ይሆናል። እሱን የጠየቀው የለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1832 ባወጣችው የአናቶሚ ሕግም ለትምህርት የዋሉት በአብዛኛው በድሆች መጠለያ የሞቱት ነበሩ። ሸክሙ ድሃው ላይ መውደቁ ያመኛል።
በኑዛዜ የተሰጠ፦ በሕይወት ሳለ «እሺ» ብሏል። የዓለም አቀፉ የአናቶሚ ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 የመከረውም ይህንኑ ነው።

ባህል
ቀባሪ ያጣ፦ የሚሟገትለት ስለሌለ ብቻ ቀላል ይመስላል።
በኑዛዜ የተሰጠ፦ ዕድርና ፍትሐት ባለበት ከባድ ነው፤ ቤተሰብ «አፈር ሳይቀምስ?» ይላል። የተረፈው አካል በክብር እንደሚቀበር በጽሑፍ ቃል ሲገባ ግን ልብ ይለዝባል።

ለጋሽ ገና በሌለበት፣ ዘመድ ከልብ ተፈልጎ ከታጣና መጨረሻው ቀብር ከሆነ፣ የመጀመሪያው ለጊዜው ያስኬዳል። የዕድር ዳኞችና የሃይማኖት አባቶች ቁጭ ብለው ለመነጋገር ፈቃደኛ በሆኑበት ቦታ ግን ሁለተኛውን ዛሬውኑ መጀመር ይገባል።