የጤና ደንቡ ወይስ የወረርሽኝ ስምምነቱ? ከድሬ ሲታይ

በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ድሬዳዋን አጥለቀለቃት። ጎረቤታችን መገጣጠሚያዋ ተያይዞ ጀበና ማንሳት አቅቷት ነበር። ወባ ነው ያላለ የለም!

ወረርሽኝ ሲነሳ አገሮች የሚመሩባቸውን ሁለት ሰነዶች ላወዳድር። የዓለም አቀፉ የጤና ደንብ (እ.ኤ.አ. 2005) ዋና ጉልበቱ ማሳወቅ ላይ ነው። ድንበር ሊሻገር የሚችል ወረርሽኝ ሊሆን ይችላል ብሎ የገመገመ አገር በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። የጅቡቲ ባቡር ለሚያልፍባት ከተማ ቀላል ነገር አይደለም። የተናገረው አገር ምን ያገኛል ሲባል ግን ደንቡ ላላ ይላል።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 በዓለም ጤና ጉባኤ የጸደቀው የወረርሽኝ ስምምነት እዚህ ጋ ይበረታል። ተሳታፊ አምራቾች ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ሲከሰት ከክትባትና መድኃኒት ምርታቸው 20 በመቶውን ለድርጅቱ እንዲያቀርቡ ያልማል፤ ቢያንስ 10 በመቶው በነጻ። ሥራ ላይ ለመዋል ግን 60 አገሮች በየራሳቸው ማጽደቅ አለባቸው።

እኔ? ለዛሬ ደንቡን እይዛለሁ። ልቤ ግን ስምምነቱ ጋ ነው።