ከድሬ ወደ ሐረር ወይስ ከሐረር ወደ ድሬ? በብስክሌት

መንገዱ አንድ ነው፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። መነሻችሁ ግን ቀኑን ይቀይረዋል። ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች።

ከድሬ ከሆነ ሳይነጋ ውጡ። ፀሐይ ከበረታች የደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ጉልበት ይጨርሳል። ላቡ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ከኋላ የጭነት መኪና እያጓራ ይመጣል። ደንገጎን ካለፋችሁ ግን አየሩ ይቀዘቅዛል። ሐረማያን፣ አወዳይን አልፋችሁ ጀጎል ግንብ ሥር የምትጠጧት ቡና፣ ወይ ጣዕሟ!

ከሐረር መውረድ ለጉልበት ይቀላል። ፍሬን ግን ይፈልጋል፤ ያዝ ለቀቅ ካላደረጋችሁት ቸርኬው ይግላል። ቀትር ላይ ከደረሳችሁ ደግሞ ድሬ እሳት ናት።

እኔ መውጣቱን እመርጣለሁ፣ ለጀማሪም ጭምር። ዳገት ቢያቅት ወርዶ መግፋት ይቻላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ከከዳ ግን ገደሉ ቅርብ ነው።