ከመርካቶ የገዛሁት የዝናብ መለኪያ እንዴት ነው?

ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ። እኛ ጋ ብዙው ገብስ በበልግ ነው የሚዘራው። በልግ ደግሞ እንደ ድሮው አይታመንም፤ የካቲት ላይ ያካፋና ይጠፋል። ገበሬው በየማሳው የሚለካበት ነገር ፈልጌ፣ መርካቶ ከአንድ የእርሻ ዕቃ መሸጫ የፕላስቲክ የዝናብ መለኪያ ገዛሁ። ውድ አይደለም።

ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ ነው። ይሄ ቅርጹ በጣም ተመችቶኛል፤ ትንሽ ካፊያ እንኳ በደንብ ይነበባል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። ይህን ለገበሬዎቹ፣ አንድ ካሬ ሜትር መሬት ለክቼ በጆግ ውኃ አፍስሼ ሳሳያቸው ወዲያው ገባቸው።

ችግሩ፣ በአንድ ጎኑ ኢንች ተጽፎበታል። ንባቡን የሚመዘግቡት ተማሪዎች በኢንቹ በኩል እያነበቡ አስቸገሩኝ። በፕላስተር ሸፈንኩት። ፀሐዩም አይምረውም፤ ቁጥሮቹ እየደበዘዙ ነው፣ ፕላስቲኩም መድረቅ ጀምሯል። በረዶ ቢመታው የሚተርፍ አይመስለኝም።

ለዚህ ሁሉ ግን ይቅርታ አድርጌለታለሁ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

«ገበሬው ሳይንቲስት አያምንም» የሚሉ አሉ። የአየር ንብረቱ መለወጡን የሚጠራጠር ገበሬ እኔ እዚህ አላጋጠመኝም። በልጅነቱ የጠጣበት ምንጭ ሲደርቅ አይቷላ! እሱ የሚጠራጠረው ትንበያውን ነው። ለዚያም ምክንያት አለው። የወቅት ትንበያ ሦስት ክፍል አለው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ እና ከመደበኛ በታች። ለእያንዳንዱ የመሆን ዕድሉ በመቶኛ ይሰጠዋል። 45፣ 35፣ 20 ቢባል፣ ዝናቡ የማነስ ዕድሉ ከአምስት አንድ ነው። ትንሽ አይደለም። ወሬው ቀበሌ እስኪደርስ ግን ቁጥሩ መንገድ ላይ ይቀርና «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው» የሚለው ብቻ ይደርሳል። ዝናቡ ሲቀር «ዋሹን» ይባላል። በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም ከድቶት፣ በኤልኒኞው (የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ባመጣው) ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ሲጠብቅ ላየ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ አዛውንት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ሬዲዮው የሚያወራው የኮምቦልቻን ዝናብ ነው። እኔ ማሳ ላይ የወረደውን ማን ለካው?» እውነታቸውን ነው። በተራራ አገር ከሸለቆው ወዲህና ወዲያ ዝናቡ ይለያያል።

መለኪያውን እሳቸው ማሳ ዳር ተከልን። ባለሙያዎች ለዘር መነሻ ከሚይዟቸው መስፈርቶች አንዱ በሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። የሦስቱን ቀን ስንደምረው 22 መጣ። አዛውንቱ ዝም ብለው ሄደው አፈሩን በዶማ ገለጡት። እርጥበቱ ከስንዝር ጥቂት ያነሰ ወርዷል። ጨብጠው አዩት፣ በጣታቸው ፈረፈሩት። «ገብቷል» አሉ። እሳቸውም መለኪያውም አንድ ነገር ተናገሩ ማለት ነው። አሁን ትንበያ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ስንት ከመቶ አሉ?» ብለው ነው። ይሄን ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ሳይንቲስቱ ራሱ እንዲጠየቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነውና።

ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ኢንች የሌለበት ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ። ከቆርቆሮ ጣራና ከባሕር ዛፍ አርቁት፤ ርቀቱ ቢያንስ የዛፉን ቁመት እጥፍ ይሁን። አፉ እንዳያዘነብል ቀጥ አድርጋችሁ ምሰሶ ላይ እሰሩት። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አንብባችሁ ድፉት። ለበልግ እንዲደርስላችሁ ጥር ሳያልቅ ግዙ።